ትንሹ ይጀምር

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ጠዋት የገባ ዓሣ ሃያ ሁለት ሣጥን። የተሸጠ አሥራ ስድስት። የተበላሸ አራት። ሁለቱ በረዶ ላይ ናቸው።

ውድ እታለም፣

ሂሳቡን ለምን እንዳስቀደምኩ ታውቂያለሽ። እናታችን ገበያ ላይ ስንጨቃጨቅባት፣ "መጀመሪያ ሣጥኑን ቁጠሩ፣ ጠቡ ይደርሳል" ትለን ነበር። ቆጥሬያለሁ፤ አሁን ወደ ጠቡ።

ትናንት ከጠረጴዛው ማዶ፣ አሁን ከምትሠሪበት የልማት ፈንድ ሰዎች ጋር ተቀምጠሽ ነበር። የሐይቁ ኅብረት ጸሐፊ ሳለሽ ወንበርሽ እኛ በኩል ነበር። ሦስቱን የሐይቅ ዳር አገሮች አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጥሽውም፣ "ትንሹ ይጀምር" ያልሽውም አንቺ ነሽ። "ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ የቀረው አጨብጫቢ ነው" ብለሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ በስብሰባችን ቀድማ የምትናገረው ትንሿ አገር ናት፤ እሷ እሺ ያለችውን ሌሎቻችን ተቃውመን አናውቅም። ይህ የትም አልተጻፈም። የምናውቀው እኛ ነን፤ አንቺም።

ፈንዱ በየሐይቅ ዳርቻችን አንድ አንድ የበረዶ ፋብሪካ ልትከል ብሎ መጥቷል። በምላሹ ሐይቁ መቼ ለዓሣ አስጋሪ እንደሚዘጋ የሚወስኑት የእሱ ባለሙያዎች እንዲሆኑ ይፈልጋል። ሐይቁ ያለጊዜው ሲዘጋ ስንት ቤት ጦሙን እንደሚያድር ላንቺ አልነግርሽም፤ አድረሽበታል።

ከስብሰባው በፊት የትንሿ አገር ተወካይ ጋሽ መረብ በር ላይ ጠበቀኝ። መረብ ሲጠግን ያረጀው ሰውዬ፣ ትዝ ይልሻል።

"የፈንዱ አለቃ ቁርስ ጋበዘኝ" አለኝ። "እንቁላሉ ደህና ነበር። ከእንቁላሉ ጋር ፋብሪካ አቀረበልኝ።"

"በምን ሂሳብ?"

"ቀድመህ ስትናገር እሺ በል፣ የመጀመሪያው ፋብሪካ ያንተ ነው አለኝ። ቀድሜ እንደምናገር ማን ነገረው?"

በበሩ ክፍተት ወደ አንቺ ተመለከትኩ።

"እህትህ ናት?"

"ሌላ የሚያውቅ የለም።"

"ጎበዝ ልጅ ነበረች" አለ፣ ጫማውን እያየ። "እኛ ዘንድ ዓሣ በየቀኑ ጉድጓድ ቆፍረን እየቀበርን ነው። እሺ ብል አትፍረድብኝ።"

"አልፈርድብህም" አልኩት። እውነቴን ነው።

ከዚያ ስብሰባው ላይ ያለውን በጆሮሽ ሰምተሻል። "ፋብሪካውን ከሁላችሁም በላይ እፈልገዋለሁ" አለ። "የሐይቁን ቁልፍ ግን አልሰጥም። ሐይቁ የሰው ከሆነ በበረዶው ምን ላቀዘቅዝበት ነው?" እኛም የሁለቱ ትልልቅ አገሮች ተወካዮች ተከትለን አንሰጥም አልን። አለቃሽ ስልኩን ይዞ ወጣ። ተመልሶ ሲገባ ፈገግ ብሎ ነበር። የመዝጋቱ ውሳኔ የኅብረቱ ሆኖ ይቀጥል፤ ግን በጀቱ ለሁለት ፋብሪካ ብቻ ነው የሚበቃው፣ ሁለቱም ሕዝብ ወደሚበዛባቸው ሁለቱ አገሮች ይሄዳሉ አለ።

በደንባችን ቀድሞ የሚናገረው ጋሽ መረብ ነው። "ፈርሙ" አለ። "ቁልፉ ይበልጣል።"

በደንባችንም ማንም አልተቃወመም። አፌን ዘግቼ፣ ብዕሬን ከፍቼ ፈረምኩ። ለደካማው ብለሽ ያበጀሽው ደንብ እንዲህ ለእኛ ይመቻል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከኃያል ጋር ተደራድረን አሸነፍን፤ ዋጋውን የከፈለው አንድ ሰው ነው።

ደረጃው ላይ ክንዴን ይዘሽ፣ "ወንድምዓለም፣ የነገርኳቸው እኮ ጋሽ መረብ ቀድሞ ያግኝ ብዬ ነው" አልሽኝ። እጅሽን አስለቅቄ ወረድኩ። አምኜሻለሁ፤ ክፋት እንደሌለሽም አውቃለሁ። ግን የቤታችን በር በየት በኩል እንደሚከፈት ለእንግዳ ካሳየሽ በኋላ፣ እንግዳው ምን ይዞ እንደሚወጣ የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም። እኔም ልቆጣሽ ብዬ ጀመርኩና ፊርማዬ ትዝ እያለኝ ቁጣው አልወጣ አለኝ።

ከእንግዲህ ትንሹ አይጀምርም። ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ሲመጣ ቀድመን የምንናገረው እኛ ነን፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አቀርባለሁ። ለአለቃሽ ብትነግሪው ግድ የለኝም።

የእኛ ፋብሪካ እስኪተከልም፣ ከተተከለም በኋላ፣ በየሳምንቱ በመኪናዬ ለጋሽ መረብ በረዶ እወስድለታለሁ። ግማሹ መንገድ ላይ ይቀልጣል። በሰጋቱራ ከሸፈኑት ትንሽ ይቆያል፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ

ነገ፦ ከአናጢው ሁለት ጆንያ ሰጋቱራ መውሰድ።