ራሱን የሚያጥበውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሳሙና መሳቢያ የሠሩት የወይዘሮ ኣምለሰት ሓየሎም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኣምለሰት ሓየሎም ከአባታቸው ከአቶ ሓየሎም ሃይለማርያም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ገበየሁ የካቲት 21 ቀን 1964 ዓ.ም. በመቐለ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የከተማዋ ተወላጅና የወፍጮ ቤት መካኒክ ነበሩ። እናታቸው ከደብረ ብርሃን ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። በቤቱ ሁለቱም ቋንቋ እኩል ስለሚነገር ልጆቹ አባታቸውን በትግርኛ፣ እናታቸውን በአማርኛ እያናገሩ አደጉ። ወይዘሮ ኣምለሰት የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ገዛኢ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ እርሱም ስላለበት ስለ ራሱ እንደ ማንኛውም ሰው ጽፏል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ መቐለ ተከታትለዋል። በጦርነት ምክንያት ትምህርት ለሁለት ዓመት ሲቋረጥ ከአባታቸው ጋር ወፍጮ ቤት ዋሉ። ቺንጋ የሚባለውን የሞተር ቀበቶ መቀየር፣ ሞተር መፍታትና የተበላሸውን ክፍል በድምፁ መለየት የተማሩት ያኔ ነው። በ1985 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ፤ እየሠሩም በማታው ክፍለ ጊዜ ተምረው በኤሌክትሮ መካኒክ ሙያ ዲፕሎማ አገኙ። ከክፍሉ ሃያ ሦስት ተማሪዎች ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

በጥር ወር 1992 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ከአቶ ተወልደብርሃን ከፋለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ዓዲ ሓቂ በተባለው የከተማዋ ክፍል ቤት መሠረቱ። በ1994 ዓ.ም. ሳሊናን፣ በ1998 ዓ.ም. ሃፍታይን ወለዱ። በ1996 ዓ.ም. በከተማችን በሚገኝ አንድ የግል የእናቶችና የሕፃናት ሕክምና ማዕከል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊና የማሽን ጥገና ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ። የማዕከሉን ስም እዚህ አንጠራም፤ እርሳቸውም ይህን ታሪክ ሲያወሩ ስሙን አይጠሩም ነበር።

በሚያዝያ ወር 2010 ዓ.ም. በዚያ ማዕከል በአንድ ሳምንት ውስጥ የሦስት ጨቅላ ሕፃናት ቆዳ ቀልቶ ይላጥ ጀመር። ሁለቱ በቅባት ተሻላቸው። ሦስተኛዋ የስድስት ቀን ልጅ ነበረች፤ የወንድማቸው የገዛኢና የባለቤቱ የፍሬወይኒ ልጅ ኤልሻዳይ፣ ከስምንት ዓመት ጥበቃ በኋላ የተገኘች። የተላጠው ቆዳዋ መርቅዞ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገባ። ሐኪሞቹ መጠቅለያ ጨርቆቹን ሲመረምሩ ያልሟሟ ሳሙናና የሻጋታ ሽታ አገኙባቸው። ጥፋቱም ወዲያው በወይዘሮ ኣምለሰት ላይ ወደቀ፤ ሳሙና አብዝተዋል ወይም የማሽኑን የሳሙና መሳቢያ ሳያጥቡ ትተዋል ተባለ። ከሥራ የታገዱበት ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የሕፃናቱ ቤተሰቦች ባቀረቡት አቤቱታ ላይ የገዛኢም ፊርማ ነበረበት።

ያን ዕለት እኅቱን ኮሪደር ላይ አገኛቸው። በብዙ ሰው ፊት፣ «እጅሽ ያጠበውን ጨርቅ ከልጄ ላይ አንሺልኝ» አላቸው።

ወይዘሮ ኣምለሰት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው እንደሚናገሩት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እጃቸውን እየታጠቡ ሲያሸቱት ዋሉ። መሳቢያውን በየማለዳው አውጥተው በብሩሽ እንደሚያጥቡ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ራሳቸውን ማመን አቃታቸው። በማግስቱ ወደ ማዕከሉ ተመልሰው ማሽኑ በኮሚቴ ፊት ተፈትቶ እንዲታይ ጠየቁ። ማሽኑ ሥራ ላይ ነው ተብሎ ተከለከሉ። ሦስት ቀን ከጥበቃው ክፍል አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ። ኤልሻዳይ በሙቀት መስጫው ክፍል ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ ነበር፤ የምትጠቀለልበትም ጨርቅ ከዚያው ማሽን ይወጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር የኔአለም፣ ማሽኑ ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ በውስጡ ያለፈ ጨርቅ ልጅ ላይ አላደርግም ብለው አስታወቁ። ያኔ ተፈቀደ።

አምስት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ቤተሰቦቹን ወክሎ የቆመው ገዛኢ ነበር። ወይዘሮ ኣምለሰት መሳቢያውን ሳቡት፤ ንጹሕ ነበር። ከኮሚቴው አንዱ ይኸው ታየ፣ ይበቃል አለ። እርሳቸው ግን መሳቢያው የሚገባበትን ሣጥን አራት ብሎኖች ፈትተው ክዳኑን አነሡ። ውሃ ከላይ በሚወርድበት ጣሪያና ወደ ማጠቢያው በሚወስደው የጎማ ቱቦ አፍ ላይ፣ እጅም ብሩሽም በማይደርስበት ቦታ ሁሉ፣ ሳሙናው ከከተማችን ውሃ ኖራ ጋር ተጋግሮ እንደ ልስን ደርቋል፤ በላዩም ጥቁር ሻጋታ ወጥቶበታል። አንድ ኩባያ ውሃ ሲያፈሱበት ከልስኑ ቁራጭ ተላቅቆ ወደ ቱቦው ገባ። በመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃ ጊዜ እንዲህ እንደሚወድቅና ከዚያ በኋላ ከጨርቁ ላይ የሚያነሣው ውሃ እንደሌለ አስረዷቸው።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እፎይ አሉ። ወይዘሮ ኣምለሰት ግን እፎይ አላሉም።

«ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አሉ። «አሥራ አራት ዓመት መሳቢያውን አጠብኩ። ከኋላው ምን እንዳለ ግን አንድ ቀን አልፈታሁም።»

እገዳው ተነሣላቸው። የተነሣበት ደብዳቤም የመጀመሪያው በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ጠይቀው ተለጠፈ። ኤልሻዳይ በታመመች በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ። ገዛኢ ግን እኅቱን ቀና ብሎ ማየት አፍሮ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ በመጨረሻ ዓዲ ሓቂ ሄዶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በትከሻው ያዙት። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ ለልጅህ ነው የጮኽከው» አሉት። «እኔም ብሆን እጮህ ነበር። አሁን ተቀመጥና ይህን ክዳን ያዝልኝ።» ጠረጴዛው ላይ ከቤታቸው ማሽን የተፈታ የሳሙና ሣጥን ነበር። ሥራውን ጀምረውት ነበር።

ሐሳባቸው ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ሰው እጁን ሊያስገባ የማይችልበትን ሣጥን ማሽኑ ራሱ ይጠበው። ሳሙናው ወደ ማጠቢያው ከወረደ በኋላ ንጹሕ ውሃ በዙሪያው ካሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግድግዳውን በኃይል ይመታል፤ ያ ቆሻሻ ውሃ ደግሞ ልብሱን ሳይነካ በተለየ ቱቦ ወደ ፍሳሽ ይወጣል። ቱቦዎቹን የምታፈራርቀው አንዲት መዝጊያ ነበረች፤ ሦስት ዓመት ያስለፋቻቸውም እርሷ ናት። በ2011 ዓ.ም. የሠሩት የመጀመሪያው ሣጥን መዝጊያው ሳይከፈት ቀርቶ ውሃው ሞልቶ ፈሰሰና የቤታቸውን ማሽን ሞተር አቃጠለ። ሁለተኛው ማዕዘኖቹ ላይ ሳሙና ያዘ። ሦስተኛውን ማዕዘን የሌለው አድርገው የሠሩት በእንዳ ኢየሱስ ካምፓስ በሚያስተምሩት በመምህር ሔሩይ እገዛ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለእንግድነት በሄዱበት ቤት ሳይቀር የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካዩ መሳቢያውን ስበው ከኋላው ጣታቸውን ይሰዱ ነበር። ልጆቻቸው ያፍሩ ነበር፤ እርሳቸው አያፍሩም።

ሦስተኛው ሣጥን ሳይሞከር በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ማዕከሉ ተዘርፎ ተዘጋ። ወይዘሮ ኣምለሰት ሣጥኑን በነጠላ ጠቅልለው ከቤታቸው ጣሪያ ሥር አስቀመጡና፣ ሲስተር የኔአለም በተዛወሩበት ሌላ ሆስፒታል ያለ ደመወዝ ማገልገል ጀመሩ። መብራትና ውሃ በሌለበት፣ ሳሙናም ከከተማው በጠፋበት ጊዜ የቁስል ፋሻ ታጥቦ ተመልሶ ይታሰር ነበር። በሆስፒታሉ የምትሠራ አንዲት ማሽን ብቻ ቀረች፤ የእርሷም የሳሙና ሣጥን ተሰነጣጥቆ ግማሹን ሳሙና እየጋገረ ያስቀር ነበር።

በመጋቢት ወር 2014 ዓ.ም. አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምጥ የጠናባት እናት ገባች። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ንጹሕ የቀዶ ሕክምና ጨርቅ ግን አልቋል። ለጄኔሬተሩ የቀረው ነዳጅ ለአንድ ዙር እጥበትና ለጀርም ማምከኛው ብቻ የሚበቃ፣ ከዚያም ብዙ የማይተርፍ ነበር። የአሮጌው ሣጥን ስንጥቅ በዚያው ማለዳ ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር ወይዘሮ ኣምለሰት ያልተሞከረውን ሣጥን አምጥተው ገጠሙ። ማሽኑ ሲነሣ ጣታቸውን ከማብሪያው ላይ ሳያነሡ አጠገቡ ቆሙ። ሳሙናው ወረደ፤ ከዚያ ሣጥኑ ራሱን የሚያጥብበት ተራ ሲደርስ ውሃ ከማሽኑ በታች መታየት ጀመረ። ወዲያው አጠፉት። መዝጊያዋ እንደገና ተጣብቃ ነበር።

ሐኪሙ ጨርቁ ምን ደረሰ ብለው ሁለት ጊዜ ሰው ላኩ። የእናትየዋ ባል ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሲስተር የኔአለም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኣምለሰት፣ ሣጥኑን እንዳለ ትተን በእርሱ በኩል የሚመጣውን የመጨረሻ ማለቅለቅ ብንዘለውስ?» አሉ።

«ሳሙናው ጨርቁ ላይ ከቀረ የተከፈተ ሆዷን እናቃጥለዋለን» ብለው መለሱ። «ጄኔሬተሩን አጥፉልኝ፤ ነዳጁ አይለቅ። ስጨርስ እጠራችኋለሁ።»

ጄኔሬተሩ ጠፋ። በመስኮቱ ብርሃን ሣጥኑን ፈቱ። መዝጊያዋ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠች ናት፤ በሙቅ ውሃ አብጣ ጠርዟ ከቱቦው አፍ ጋር ተጣብቋል። የሕክምና መቀስ ተውሰው ጠርዟን ዙሪያውን ላጩት። ሲላጩት ክርናቸውን ማሽኑ ላይ አስደግፈው እንደነበር ሲስተር የኔአለም ይመሰክራሉ። ሣጥኑን መልሰው ገጥመው ጄኔሬተሩን አስነሡ። የሣጥኑ ተራ ሲደርስ ጎንበስ ብለው ከማሽኑ በታች አዩ። መዝጊያዋ ጠቅ ብላ ተከፈተች፤ ደፍራሹ ውሃ በተለየው ቱቦ ወጣ። የመጨረሻው ማለቅለቅ ሳይዘለል ጨርቁ ወደ ማምከኛው ሄደ፤ ጄኔሬተሩም ማምከኛው ሥራውን ጨርሶ ብዙ ሳይቆይ ቆመ። እናቲቱ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ወይዘሮ ኣምለሰት እልልታውን ከማጠቢያው ክፍል ሆነው ሰሙ፤ እርሳቸው ሣጥኑን ከፍተው ውስጡን እያዩ ነበር። ግድግዳው ላይ ምንም አልተጋገረም።

ሰላም ከተመለሰ በኋላ ሣጥኑን ከመምህር ሔሩይ ጋር አሻሽለው እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በአራት ሆስፒታሎች ማጠቢያ ክፍሎች ውስጥ አስገጥመዋል። የሣጥኑን የአሠራር ሥዕል ለጠየቃቸው ሁሉ በነፃ ሰጥተዋል። የተለየው ቱቦ ይቅርና ርካሽ ይሁን ላላቸው አንድ ነጋዴ ግን ቱቦው ከቀረ ቆሻሻው ተመልሶ ልብሱ ላይ ይወርዳል ብለው ሥዕሉን ከእጁ ተቀብለዋል። ሥራ ላይ ቁጡ ነበሩ፤ በአንድ ብሎን መላላት ሰው አስለቅሰው ያውቃሉ፤ በማግስቱም የዚያን ሰው ምሳ ይዘው ይመጡ ነበር።

በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ተገኘባቸው። በመቐለና በአዲስ አበባ ቢታከሙም ሕመሙ አልመለስ አለ። በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ዓዲግራት የተገጠመው ሣጥን ሳሙና መጋገር መጀመሩን ቤተሰቡ ሊደብቃቸው ሞክሮ ነበር፤ ሰሙ። ሣጥኑን አልጋቸው ድረስ አስመጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ወለሉ ለዚያ አካባቢ ውሃ በቂ ተዳፋት እንደሌለው አወቁ። እርሳስ መያዝ ስላቃታቸው እርሳቸው እየተናገሩ ባለቤታቸው ሣሉ። ባልና ሚስት በተዳፋቱ መጠን ሁለት ቀን ሙሉ ተከራከሩ፤ ቤቱም ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ረሳ። ሥዕሉ አልቆ መምህር ሔሩይ ሊወስዱት ሲነሡ፣ ወይዘሮ ኣምለሰት፣ «ሞክሩት» አሏቸው። «ካልሠራም የእኔ ሥራ ነው ብላችሁ አትዘኑለት። ፍቱት።»

አዲሱ ሣጥን ኅዳር 9 ቀን ተገጠመ። ሳሙና መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ከብዙ እጥበት በኋላ ተከፍቶ ሲታይ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተከፈተም። ወይዘሮ ኣምለሰት ሓየሎም ውጤቱን ሳይሰሙ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው ሳለ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ወዳጅ ዘመዶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል።

ወይዘሮ ኣምለሰት ከአቶ ተወልደብርሃን ከፋለ ጋር ለሃያ አምስት ዓመታት በትዳር ኖረዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ሳሊናንና ሃፍታይን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ማዘንጊያን፣ ወንድማቸውን ገዛኢን፣ የወንድማቸውን ባለቤት ፍሬወይኒንና ልጃቸውን ኤልሻዳይን ትተውልን ሄደዋል።

የደከመውን የሚያሳርፍ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በደጋጎቹ እናቶች ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለአረጋዊት እናታቸው ብርታትን፣ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ የጀመሩትን ለሚቀጥሉም ትዕግሥትን ይስጥልን። አሜን።