ያልጻፍካት የታሚል ግጥም

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። ጻፊ ጻፊ ሲለኝ ከርሞ፣ ዛሬ ተማሪዎቼን አሰናብቼ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ሳላለቅስ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ገና «አባዬ» ብዬ ስጽፍ ዓይኔ ሞላ። ይሁን።

ቤታችን ደህና ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ከሬዲዮ ዜና ጋር መጨቃጨቁን ካንተ ተረክባዋለች። ብየዳ ቤቱን ወንድሜ ዳዊት ይዞታል። እንዳንተ ሁለቴ አይለካም፤ በሩ አልገጥም ሲለው በብረቱ ይናደዳል። ቡራዩን ደግሞ ብታያት ትጠፋብሃለች። ከእኛ በላይ የነበረው ሜዳ ሁሉ ቤት ሆኗል፤ ያ ሁሉ ቤት የብረት በር ይፈልጋል፤ ኖረህ ቢሆን ቁጭ የምትልበት ጊዜ አይኖርህም ነበር።

ለሙት ዓመትህ ድንኳን ተክለን፣ ሰው አብልተን ብቻ እንዳይቀር፣ የታሚል ግጥሞች ወደ አማርኛ የመለስክበትን ደብተርህን በትንሽ መጽሐፍ አሳትመን ለመጣው ሁሉ ልንሰጥ ተስማማን። ጽፎ ማዘጋጀቱ ለእኔ ደረሰ። የአማርኛ መምህርት የመሆን ጣጣው ይኸው ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ ነገሩን ማስረዳት ይቸግረኛል። ቡራዩ የሚኖር በያጅ ከታሚሎች ጥንታዊ ግጥም ጋር ምን አገናኘው ይላሉ። ስለዚያ ህንዳዊ የሂሳብ መምህርህ እነግራቸዋለሁ። የደቡብ ህንድ ሰው ነበር፣ ታሚል፤ ትምህርቱ አልቆ ጥቂት ደቂቃ ሲተርፈው በአገሩ ቋንቋ ሁለት ስንኝ ጮክ ብሎ ያነበንብና ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ያስጽፋችሁ ነበር። ሌላው ደወሉን ሲጠብቅ አንተ ትጽፍ ነበር። ትምህርቱን አቋርጠህ ብየዳ ስትገባም ደብተሩን ይዘህ ገባህ።

ኮምፒውተር ላይ ስጽፋቸው እኔም ተማረክሁ። እኛ ግጥም ሲባል ሰምና ወርቅ እንፈልጋለን፤ የተደበቀ ነገር ካላገኘን እንንቀዋለን። እነዚህ የሚደብቁት ነገር የላቸውም። ስለ ንጉሥ የሚናገረውም ስለ ገበሬ የሚናገረውም እኩል ሁለት ስንኝ ነው። እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉት፣ ከአፍ የሚወጣ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ፣ ውለታ የዋለ ሰው እንዴት እንደማይረሳ ይነግሩሃል፤ ነግረውህ ዝም ይላሉ። ያን ያህል አጥሮ ያን ያህል የሚያጠግብ ነገር እኔ ሌላ አላየሁም። ስንት ዘመን ቆይተው፣ ባሕር ተሻግረው ከአምቦ መንገድ ዳር ካለ ብየዳ ቤት ሲገቡ እንኳ እንግዳ አይመስሉም።

ከግጥሞቹ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ያንተ አሠራር ነው። አንድ ሕግ ነበረህ፤ ግጥሙ የሚለውን አንድ ሳምንት ሙሉ በተግባር ካላደረግከው አማርኛውን አትጽፍም። ካልሆነልህ ሌላ ጊዜ ትሞክራለህ። እኛ ልጆችህ የትኛው ግጥም ላይ እንዳለህ ከሁኔታህ እናውቅ ነበር። የመልካም ቃሉ ሳምንት፣ በሩ አልዘጋ ብሎት ሊጣላህ የመጣውን ደንበኛ ፈገግ ብለህ ብለህ አስፈራኸው፤ እማዬም አመመው ብላ ጠበል አመጣችልህ። የእንግዳው ሳምንት ደግሞ መንገድ ላይ ዝናብ የያዘውን የታክሲ ሰው ሁሉ ሰብስበህ መጣህ፤ እነሱ እራታችንን በሉ፣ እኛ ቆሎ ቆረጠምን።

የማዳመጡን ሳምንት ግን ቀልድ አላደርገውም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መውደቄን የነገርኩህ ያኔ ነው። ደብቄ የያዝኩትን ሁሉ፣ ትምህርት ቤት ያልገባሁባቸውን ቀኖች ሳይቀር፣ የመበየጃ መነጽርህን ግንባርህ ላይ እንደሰቀልክ አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማኸኝ። ስጨርስ ደግመሽ ትፈተኛለሽ ወይ ብለህ ብቻ ጠየቅከኝ። ዛሬ ክፍል ውስጥ የምቆመው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። እወድሃለሁ አባዬ፤ ያኔ አልነገርኩህም።

ታዲያ እየጻፍኩ ሳለሁ አንድ ገጽ ላይ እንግሊዝኛው አለ፣ አማርኛው የለም። ቂም ስለ መተው የምትናገረው ናት። ረስቷት ነው ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀመጥኩና ራሴ ገጠምኳት። ቤት መታች፣ አማረች፣ በራሴም ኮራሁ። ለእማዬ ሳነብላት ግን ፊቷ ጠቆረ። የእሱ አይደለችም አለችኝ፤ ይቺ አልሆነችለትም። ከዚያ የኦቦ ገመቹን ነገር አነሳችብኝ።

ነገሩንስ አውቀዋለሁ። ብየዳ ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው። የራስህን ቤት በከፈትክ ሰሞን፣ እድር ላይ ሰው በተሰበሰበበት፣ የዚህ ልጅ ብየዳ አይጸናም አሉ። አንተም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳሃቸው፤ እኛም ማንም ሳይነግረን ነሳናቸው። በለቅሶህ ቀን ከድንኳኑ ውጭ አስፋልቱ ዳር ቆመው አይቻቸዋለሁ። ይግቡ ማለት የእኔ ፈንታ ነበር፤ ፊቴን አዞርኩ። ይህን ያደረግኩ ሰው ነኝ እንግዲህ ቂም ስለ መተው ቤት እያስመታሁ የገጠምኩት። አፈርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ቤታቸው ወደ ገፈርሳ ሲወጡ፣ ባሕር ዛፉ አጠገብ ነው። አካም ጅርቱ ብዬ ሰላም ስላቸው የማን ልጅ እንደሆንኩ ወዲያው አወቁ፤ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ግቢ አሉኝ። በለቅሶው ቀን ፊቴን ስላዞርኩባቸው ይቅርታ ልጠይቅ እንደመጣሁ ስነግራቸው በርጩማ ስበው አስቀመጡኝ። ቀጥሎ የነገሩኝን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኛ ግን አናውቅም ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ነጭ ልብስህን ለብሰህ ደጃቸው ድረስ ትሄድ ነበር አሉ። ልታንኳኳ እጅህን ታነሳና ቆመህ፣ ቆመህ ትመለሳለህ። እሳቸውም ከውስጥ ቆመው በቆርቆሮ በሩ ስንጥቅ ያዩህ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልከፈቱም። ባለፈው መስከረም ሳትመጣ ስትቀር መታመምህን ጠረጠሩ። ሊጠይቁህ ፈልገው እፍረት ያዛቸው። ይህን ብለው አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። በሁለታችሁም ተናድጄ ነበር። አንድ ስስ ቆርቆሮ በመሃላችሁ አድርጋችሁ ያን ሁሉ ዓመት!

ኦቦ ገመቹ ሙት ዓመትህ ላይ ድንኳን ውስጥ ከእማዬ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ይህ ግን የእኔ ነው እንጂ ያንተ አይደለም፤ እኔ ያደረግኩትን ባንተ ስም አልጽፍም። የገጠምኳትን አውጥቻታለሁ። ያቺ ገጽ እንግሊዝኛዋን ብቻ ይዛ፣ የአማርኛው ቦታ ነጭ ሆኖ ትታተማለች። ዳዊት ሰው የማተሚያ ቤት ስህተት ይመስለዋል ብሎ ሰግቷል። ይምሰለው።

አባዬ፣ መጽሐፍህን የሚያነብ ሁሉ ጥበበኛ ነበር ይልሃል፤ እውነቱንም ነው። እኔ ግን እስካለሁ ድረስ የማስበው፣ አምና ያቃተውን ዘንድሮ ልሞክረው ብሎ ነጭ ልብሱን ለብሶ ከቤት የሚወጣውን አባቴን ነው። በዚያ ደጅ ላይ አንስተህ የመለስካትን እጅህን አልረሳትም።

ልጅህ ሰናይት