ሦስት እፍኝ ፉሩሽካ

ጃንዋሪ 9
ጭጋግ። የቡናውን ገለፈት ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ አሥራ ሁለት ከረጢት ሞላሁ። የዘራሁበት ባሌ ፊደንሲዮ በእጁ ያዘጋጀው የእንጉዳይ ዘር የመጨረሻው ጠርሙስ ነበር። ከእንግዲህ ማን ያዘጋጃል? ታሞ ከተኛ ሁለት ወሩ። የኋቱስኮ ከተማ ሐኪም "ቤት ውሰጂው" ካለኝ ደግሞ ሳምንት።
ከአልጋው ሆኖ ይጮሃል፤ "ፉሩሽካ አንድ እፍኝ ብቻ! እንጉዳይ ከጠገበ ይበላሻል!"
"እሺ፣ እሺ።"
ሦስት ሦስት እፍኝ ጨመርኩ። ወፍራም ወፍራሙን አብቅዬ ላበላው… ሾርባውን ዛሬም ሳይነካ መለሰው። አሥራ ሁለተኛው ላይ ፉሩሽካው አለቀ። ያለ ምንም አስሬ ከውኃው በርሜል ጀርባ አስቀመጥኩት። አሳዘነኝ።

ጃንዋሪ 13
ከረጢቶቹ ለእጅ ይሞቃሉ። ተስማምቷቸዋል ማለት ነው?

ጃንዋሪ 18
አረንጓዴ ሻጋታ። አሥራ አንዱም። ከሻጋታው የተነሳ ቤቱ ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል።
"ነጣ ወይ?" አለኝ። የሚነጣው ዘሩ ሲይዝ ነው።
"እንደ ጥጥ!"
ፈገግ አለ። ምን ልበለው? ዘርህን በገዛ እጄ ጨረስኩት ልበለው?

ጃንዋሪ 19
አበልጄ ኤውላሊያ መጣች። ጓሮ ቆፍረን ቀበርናቸው።
"አንቺ ሴትዮ፣ እንጉዳይ ነው አሳማ የምትቀልቢው?"
ሳቅን። ከዚያ አለቀስኩ።
"ባልሽንም እንዲሁ በጉርሻ እያስጨነቅሽው ነው። ተይው" አለች። ተቀየምኳት። እውነቷን ስለሆነ ይሆን?
ከበርሜሉ ጀርባ ያለው ግን መንጣት ጀምሯል።

ጃንዋሪ 25
ማንኪያውን በጥርሱ ያዘብኝ። አጥሚቱ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። "ሙት እንግዲህ!" አልኩት። ምን ዓይነት አፍ ነው ይሄ… ይቅር በለኝ እንኳ አላልኩትም።

ፌብሯሪ 6
ያ ፉሩሽካ ያልደረሰው ድሃ ከረጢት አፈራ! ጆሮ ጆሮ የሚያህሉ። በነጭ ሽንኩርት ጠበስኩለት። ሳልለምነው ሦስት ጉርሻ በላ። ከዚያ…
"አሥራ አንዱን የት ቀበርሻቸው፣ ኤርሜ?"
ሳህኑን አስቀመጥኩ።
"ኮኮናት ሸተተኝ። እዚህ ተራራ ላይ ኮኮናት ከየት ይመጣል?"
"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"
"'እንደ ጥጥ' ስትዪ ፊትሽ ያምር ነበራ።"
አራተኛ ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ ራሱን ነቀነቀ። ሳህኑን አነሳሁ። አልለመንኩትም።

ፌብሯሪ 11
ጎህ ሲቀድ። እጄን እንደያዘ።

ፌብሯሪ 21
ለነፍሱ የተደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ትናንት አለቀ። ሰው ሁሉ ሄደ። ድሃውን ከረጢት ፈርፍሬ ሁለት አዲስ ከረጢት ውስጥ ዘራሁት። አንድ አንድ እፍኝ ፉሩሽካ። እጄ ሁለተኛውን ጨብጦ ነበር… መለስኩት።

ማርች 9
ነጣ። አሁንስ እውነቴን ነው፣ እንደ ጥጥ።
ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ ወደ አልጋው ዞሬ። "ነጣ ወይ?" የሚለኝ የለም።