የታችኛው ማሰሪያ

ለእታለም፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ጀመርሽ ወይ? የጋሼስ ሳል ለቀቃቸው? እማዬ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ራሷ መርፌ ውስጥ ክር እንደምታስገባ ስትጽፊልኝ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ። ሁላችሁም ደህና ናችሁ ብዬ ልመን።

እኛ በሕይወት አለን። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ለወግ ያህል ነበር የምጽፈው፤ አሁን ግን አስቤበት ነው። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ለእማዬ እንዳትደነግጥ አድርገሽ አንቺ ንገሪያት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ አንድ ጊዜ እንኳ ከከተማ እንውጣ ብለው ያዙን። አንቺ “ዝምተኛው” የምትይው ባለቤቴ አሥራ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዳ የሰው ስፖኪዮ እንኳ ነክቶ አያውቅም። አንድ የሥራ ባልደረባው አልጋም፣ ምድጃም፣ የእቃ ማጠቢያም ያለውን መኪናውን ለሳምንት አዋሰን። ከኋላው ብስክሌት የሚጫንበት ብረት አለው። አራቱንም ብስክሌቶቻችንን ጫንን። እሱ የላይኛውን ማሰሪያ አጥብቆ እንደጨረሰ ትንሿ አንድ እግር ጫማዋ ጠፍቷት ማልቀስ ጀመረች። ሊፈልግላት ሲገባ፣ የታችኛውን አንቺ እሰሪው፣ ዘለበቱ ቀጭ እስኪል ሳቢው አለኝ። ሳብኩት። ቀጭ ያለ መሰለኝ። በአንድ እጄ ምሳ የያዘውን ቅርጫት ይዤ ነበር፤ ሲመለስ “ጨርሻለሁ” አልኩት።

የመጀመሪያው ሰዓት ደስታ ብቻ ነበር። ከዚያ ከኋላ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከልጆቹ ጋር ከኋላ ነበር የተቀመጥኩት፤ በትንሿ መስኮት ስመለከት የትልቋ ብስክሌት ጎማ እየተወዛወዘ ነው። አቁም አልኩት። መንገዱ ጠባብ ቁልቁለት ነው፣ ግራና ቀኙ የብረት አጥር ስለሆነ መቆሚያ የለውም፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ሜዳ አለ፣ እዚያ እቆማለሁ አለኝና ፍጥነቱን ቀነሰ። ያኔ አንድ ባለሞተር ከኋላችን ደረሰ። ራቅ እንዲል በመስኮቱ እጄን አወዛወዝኩለት። ሰላም ያልኩት መስሎት እሱም እጁን አነሳልኝ።

እታለም፣ ያ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ብስክሌቱ ወደቀ። ሰውየው እሱን ሲሸሽ ሞተሩ መንገዱ ዳር ያለው ኮረት ላይ ተንሸራትቶ ከአጥሩ ጋር ተላተመ። ባለቤቴ መኪናውን እንዴት እንዳቆመው አላውቅም፤ ልጆቹን እንዳይወርዱ ብዬ ስደርስ እሱ ሰውየው አጠገብ ተንበርክኳል። አትክልተኛ ነው። ሞተሩ ላይ ጭኖት የነበረው የአበባ ችግኝ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ግን ይናገራል። የጠየቀን ነገር “ልጆቹ ደህና ናቸው?” የሚል ነበር። በመስኮቱ አይቷቸው ኖሯል።

አምቡላንስ ወሰደው። ትራፊክ ፖሊሱ የተፈታውን ማሰሪያ በእጁ ይዞ ይህን ያሰረው ማነው ብሎ ጠየቀ። አፌን ከፈትኩ፤ ባለቤቴ ግን ቀደመኝ።

“እኔ ነኝ። ሁሉንም ያሰርኩት እኔ ነኝ።”

ዞሮም አላየኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ነገሩ እስኪጣራ መንጃ ፈቃዱ ተያዘ፤ ከሥራም ታገደ። ጠዋት ጠዋት የደንብ ልብሱን ይለብስና መስኮት ዳር ይቀመጣል። ላወራው ስሞክር ያለፈ ነገር ነው ይለኛል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት፤ ግን ሆድ ሁሉን አይፈጅም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ትልቋ ሹካዋን አስቀምጣ “እማዬ፣ የታችኛውን ያሰርሽው አንቺ አልነበርሽም?” አለችኝ። አባቷ ምግብሽን ብይ አላት። በላች፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አላነሳችም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። የአትክልተኛው የትከሻ አጥንትና ሁለት የጎን አጥንቶች ተሰብረዋል። ሚስቱ ሰላምታዬን አልመለሰችም፤ አልፈርድባትም። ሁሉንም ነገርኩት። “ለእኔ መንገርሽ ትከሻዬን አይጠግነውም፤ መናገር ያለብሽ ቦታ ሌላ ነው” አለኝ።

ከዚያው በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የባለቤቴን ቃል ሐሰት እያልኩ እሱን ጭራሽ ወህኒ የማስገባው ቢመስለኝም ተናገርኩ። መርማሪው ጻፈ፣ አስፈረመኝ፤ ከዚያ ማንም ይሰረው፣ ጭኖ የሚነዳው ሰው አይቶ መነሳት ግዴታው ነው አለኝና ባለቤቴን አስጠራው። መጥቶ አግዳሚው ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ለምን እንደነገርኳቸው ጠየቀኝ። ልጃችን ታውቃለች አልኩት።

“አንቺን ልሸፍን ብዬ ብቻ አይደለም” አለኝ። “አሥራ ሁለት ዓመት አውቶብሴን ዞሬ ሳላይ ተነስቼ አላውቅም። ያን ቀን ሳላይ ተነሳሁ።”

ለካ ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ፣ ጥፋቱ የራሴ ብቻ ነው እያልን ለየብቻ ስንቃጠል ነበር። እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ።

መርማሪው መጀመሪያ እውነቱን ባለመናገሩ ገሥጾት፣ በአዲሱ ቃል ላይ አስፈረመው። መንጃ ፈቃዱ ለሦስት ወር ታገደ፤ መሥሪያ ቤቱም እስከዚያ ጋራዥ ውስጥ እንዲሠራ አደረገው። የሰውየውን ሕክምና የመኪናው መድን ይዞታል። ለልጆቹም ሁለታችንም ተቀምጠን እንደሆነው ነገርናቸው። ትልቋ አባቷን ለምን ዋሸህ አለችው፤ ፈራሁ አላት።

አትክልተኛው ከሆስፒታል ወጥቷል፤ እጁ ግን ገና አንገቱ ላይ እንደታሰረ ነው። የሚንከባከባቸው ጓሮዎች አረም ዋጣቸው ሲባል ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ ይቆፍርለታል። አረሙን ትቶ አበባውን የሚነቅል ሰው ነው፤ ሰውየው በደህናው እጁ እያመለከተ ያርመዋል። ሚስትየዋ ለባሏ ብቻ ነበር ውሃ የምታመጣው። ያለፈው ቅዳሜ ሁለት ብርጭቆ ይዛ ወጣች።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለጋሼ ሳላቸውን እንዳይንቁት ንገሪልኝ። የወንድማችንን መንታዎች ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ፤ ለእናታቸውም ሰላምታዬን አድርሺ። ታች ቤት ያለችውን ልብስ ሰፊዋን እንዳልረሳኋት ንገሪያት። ልጆቹ አንቺን “እትዬ ትምጣ” እያሉ ነው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ከአውቶብስ ማዞሪያው ፊት ለፊት ካለው ቤታችን
ነሐሴ ፲፮ ቀን