እጄን ላዩልኝ አሥራ አራት ተማሪዎችና አንድ መጋረጃ

ለተከበሩ የሠፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤

ጤናዎን እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ ማንም ሳይረግጠው ያቆይልኝ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ሠላሳ ዓመት የሠራሁ፣ የሐኪሞችዎን ጋዋን ሳይቀር በልካቸው ያሳጠርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ መጀመሩን ለአንድ ሐኪም ብቻ፣ በር ተዘግቶ፣ ልናገር መጥቼ ነበር። ደንበኞቼ የሰሙ ዕለት ሱቄን መዝጋቴ ስለማይቀር ለባለቤቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

በሩስ በእርግጥ ተዘግቶልኛል፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒውተር ውስጥ ግን ሕክምና የሚማሩ ልጆች ከየቤታቸው ሆነው በቪዲዮ ያዩኝ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬዎቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ. የፈረምኩበት ወረቀት «ሦስት ተማሪዎች» ይላል። የልክ ሰው ነኝና ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። ስለ ተቀሩት ብጠይቅ፣ ሐኪሟ ሲሰሙ ገብተው ነው አሉኝ። ሲሰሙ የሚመጣው ለለቅሶ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ገና አለሁ።

2ኛ. ከአንዷ ተማሪ ጀርባ የተሰቀለውን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሌላው ባያስተውለውም፣ ዳር ዳሩን ሲወርድ እጄ የሳተውን ስፌት እኔ አላጣውም። ቤቱ የጎረቤቴ የባለ ሱቋ ነው፤ ተማሪዋም ልጇ ናት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ እሷን አልጠረጥርም። መጋረጃው ግን ነፋስ ሳይኖር ሁለት ጊዜ ተነቃነቀ፤ ከጎኑም የእናትየዋ መነጽር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

3ኛ. ሐኪሟ እጄን ከካሜራው ፊት ከፍ ዝቅ እያስደረጉ ለልጆቹ በውጭ ቋንቋ ብዙ አስረዱ፤ ልጆቹም ጻፉ። ድምፅ ይሰማ እንደሆነ አሥራ አራቱም አንድ በአንድ ሲጠየቁ እኔን የጠየቀኝ የለም። ለእኔ የደረሰኝ «በሚቀጥለው ወር ይመለሱ» የሚለው ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ የታየው እጄ ማንም ሳይዘው ወደ ኪሴ ተመለሰ። እውነቱን ልንገርዎና ፈርቼ ነበር፤ አሁንም እፈራለሁ።

ልጆች መማራቸውን አልቃወምም፤ ነገ እኛኑ የሚያክሙ ናቸው። ነገር ግን እኔ እንኳ የሰው ወገብ ስለካ መጋረጃ እዘጋለሁ፤ እርስዎ ዘንድ መጋረጃው ራሱ ከሚያዩት ጋር ተቆጠረ። ለዚህ አዲስ አሠራር ያለኝን አድናቆት ይቀበሉኝ።

በተማሪዎችዎ ቁጥር ልክ አሥራ አራት ጊዜ እጅ የምነሳዎ፣
ታካሚዎ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ባለ ሱቋ ብቅ አለች። ከንፈሯን እየመጠጠች የሕመሜን ስም ነገረችኝ፤ የማይድን መሆኑንም አልደበቀችኝም። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ሰማች። ለልኬት መጥታ የነበረች አንዲት ሙሽራም ጨርቋን አጣጥፋ ይዛ ወጣች። እንግዲህ የሚደበቅ ነገር ስላልቀረ፣ የሚቀጥለውን ወር ቀጠሮዬን ወደ ባለ ሱቋ እንዲያዛውሩልኝ አመለክታለሁ። እሷ ቢያንስ ስትነግረኝ እጄን ይዛኝ ነበር።