የጊዮርጊስ በግ በእኔ በረት

ጥር 14፣ ማለዳ
ውርጩ መስኩን አንጥቶታል። ቀዩ አውራ በጌ ግን ምን ገዶት! ቀንዱን በግንድ ፍትግ ፍትግ አድርጎ ይጎማለላል። ዛሬም ከጓሳ ማዶ ሳይቀር ዘሩን ፈልገው ሴት በጋቸውን ከሱ ለማስጠቃት ነድተው መጡ።

ደብተሬ፣ ጭንቄን ታውቂያለሽ። አምና ባለቤቴ አጸደ ታማ ስትወድቅ፣ እሷን አትርፍልኝ እንጂ ቀዩ ግልገል ያንተ ነው ብዬ ለቅ/ጊዮርጊስ ተሳልኩ። አተረፈልኝ። ግልገሉም አደገ፤ አገር የሚቀናበት አውራ ሆነ። የጊዮርጊስ በዓል ደረሰ። ሆዴ እምቢ አለ።

ጥር 15
የንስሐ አባታችንን ቄስ ገብሬን ጠየቅኋቸው። በሱ ፈንታ ሁለት ሙክት ብሰጥስ? የሰው አደራ ይለወጣል ወይ ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ወይ ጉድ! የኔን ሣር በልቶ ያደገ አይደለም እንዴ? ተናድጄ ገባሁ።  

ጥር 17
አገኘሁት! የስለት በግ ከቅዳሴ በኋላ በጨረታ ይሸጥ የለ? እሰጣለሁ፤ ከዚያ እኔው እገዛዋለሁ። ብሩ ለቤ/ክ፣ በጉ ለኔ። ስለቴንም አገባሁ፣ በረቴም አልጎደለ። ምን ኃጢአት አለው? ለአጸደ ነገርኳት። የምትፈትለውን የበግ ጠጉር አስቀምጣ አየችኝ፤ መልሳ አነሳችው።

ጥር 18፣ ከሰዓት
ገዛሁት። ግን ይሄ ግዢ ነው? ዋጋ ስጠራ የሚጨምር ጠፋ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ አውራቸው የሞተባቸው፣ ሊጨምሩ አፋቸውን ከፍተው እኔን ሲያዩ ተዉት። ስለኔ፣ ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ተዉላቸው ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር እጁን አላነሳም። አክብረውኝ እኮ ነው! በተራ በግ ዋጋ የአገሩን አውራ እየነዳሁ ገባሁ። አፈርኩ።

አጸደ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ጊዮርጊስ እኔን ሲመልስልህ በግማሽ ነው እንዴ? አንተ ምነው ላቱን ሳትለቅ ሰጠህ?»

ጥር 20
ቁጭ ብድግ ሆነ ሥራዬ። እሱ ይበላል፣ ይጎማለላል፤ የከሳሁት እኔ ነኝ። ወደ በረቱ ስጠጋ የሰው ግቢ የገባሁ ይመስለኛል። ዛሬ አንድ ገበሬ ሴት በግ ይዞ መጣ። አውራው የኔ አይደለም አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ። አጸደ ከጓዳ ሰምታ ከት ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። እንባዬ መጣ።

ጥር 21፣ ማለዳ
አስተርእዮ ማርያም። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልመልሰው ነው። ብሬን አልጠይቅም። ቄስ ገብሬ እንደገና ያስጫርቱት፤ እኔ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ እቆማለሁ። እትዬ ዘነበችንም አጸደ ሄዳ፣ ማንንም ሳይፈሩ ይጨምሩ ብላቸዋለች።

ይኸው በጉ በር ላይ አልሄድም ብሏል። አጸደ እየጠራችኝ ነው። ደብተሩን ተወው፣ እኔ ከኋላ እገፋዋለሁ፣ አንተ ብቻ እዚያ ስትደርስ ገመዱን ልቀቅ ትለኛለች። ኧረ መጣሁ