አረንጓዴው የፈረቃ ክር

ዳንግላ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለየምሥራች፣

ሰላምታዬ ሐዋሳ፣ ከልብስ ስፌት ፋብሪካሽ ድረስ ይድረስሽ። ስለ እኔ አትጨነቂ፤ ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ እንባዬ ስለሚቀድመኝ ከሰኔ ወዲህ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ወንድምሽ ሽመክት፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ስልክ ነፋስ ነው እማ፤ የሚቀረው ወረቀት ነው» ይል አልነበር? እነሆ በወረቀት ልነግርሽ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። በመሠረተ ትምህርት የያዝኩት ፊደል እንደ እኔው አርጅቷልና ታግሠሽ አንብቢው።

ሽመክት ከሚያስተምርበት ሲመለስ በየቤቱ እየዞረ የአቡጀዲ ፋብሪካችንን ሰዎች ወረቀት ሲሰበስብ ታውቂያለሽ። የቅጥር ደብዳቤ፣ መታወቂያ፣ የኳስ ቡድኑ ፎቶግራፍ፣ ሰው ጥሎት አይጥ የጀመረውን ሁሉ። የአርባ ቤት ወረቀት ሰበሰበ። «ነገሥታት ብቻ ናቸው እንዴ ታሪክ ያላቸው?» ይል ነበር። እያንዳንዱንም ባለቤት የራሱን ጥቅል በፈረቃ ክሩ ያሳስረው ነበር።

አንቺ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ስለተወለድሽ ልንገርሽ። በአንድ ማሽን ሦስት ሰው በፈረቃ ይሠራ ነበር። ፈረቃሽ ሲያልቅ ከጨርቁ ዳር ባለቀለም ክር ታስገቢያለሽ፤ እስከዚህ የኔ፣ ከዚህ ወዲያ የተረካቢዬ ማለት ነው። እንከን ቢገኝ ሰው በሰው ጥፋት እንዳይወቀስ። የኔ አረንጓዴ ነበር፣ ተረካቢዬ ዋጋዬ ደግሞ ቀይ። ቀለሙ አልበቃ ሲል ሁለቱን ገምደን፣ አለዚያም በቋጠሮው እንለያይ ነበር። እናም ጥቅሎቹ ላይ ስም የጻፈ የለም። የፋብሪካ ሰው ክር አይቶ የማን እንደሆነ ካላወቀ ምኑን የፋብሪካ ሰው ሆነ? ሽመክትም የባለቤቶቹን ስም በኋላ ከኔ ጋር ተቀምጦ ሊጽፍ ቀጠሮ ይዞ ነበር።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው ልጄ። ታሞ ሳለ «ያንቺን ወረቀቶቹ መሀል ታገኚዋለሽ» ብሎኝ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ ክፍሉ ገባሁና ጥቅሎቹን ፈታሁ። የጻፈልኝ ነገር ይኖራል ብዬ አንዱን ስፈታ ሌላውን፣ አርባውን ጥቅል ሁሉ ፈታሁ። ያገኘሁት የጠፋ የመሰለኝን የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ነው። በግማሽ ገጽ ጠቅልሎታል፤ ክር ግን አልታሰረበትም። ገጹ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የእማ። መጨረሻ ላይ፣ ረጋ ብለን።» የሰውን ሁሉ ታሪክ ጠይቆ የኔን ለመጨረሻ አስቀምጦት ኖሯል።

ቀና ስል ወለሉ ወረቀት በወረቀት ሆኗል፣ ክሩም ጭኔ ላይ ተከምሯል። ስሙ በብዙው ላይ ደብዝዟል ወይም አይጥ በልቶታል፤ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። በሁለት ማዳበሪያ ከትቼ አልጋ ሥር ገፋሁት። አንቺ በስልክ «ወረቀቶቹስ?» ስትይኝ «ደህና ተቀምጠዋል» ያልኩሽ ይህንኑ ነው። ይቅር በይኝ።

ጥቅምት ላይ ከእንጅባራ ዮዲት የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ልጅ መጣች። ወረቀቶቹን እዚያ ልታስቀምጥለት ለሽመክት ቃል ገብታለት ነበር። «እማማ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግሥት መኪና ይዤ እመጣለሁ። ባለቤቱ የታወቀውን ሁሉ እንወስዳለን። ያልታወቀውን ግን ማስቀመጥ አንችልም» አለችኝ። የልጄ ሰባት ዓመት ልፋት በእጄ ሊጠፋ ነው ብዬ እህል አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ዋጋዬ ቤት ሄድኩ።

«የትኛው ባለጌ ነው የፈታው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ዋጋዬ ነጠላዋን አነሳችና «በይ፣ ፈረቃ እንጥራ» አለች።

የምሥራች፣ ያን ሳምንት ብታዪ! ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጥሩንባ የሚነፋ ሳይኖር፣ የጠዋት ፈረቃ የነበሩት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን የከሰዓቶቹ መጡና ተረከቧቸው። የሌሊት ፈረቃዎቹን «እናንተ ዓይን የላችሁም፣ በቀን ኑ» አልናቸው። መካኒኩ አቶ ባምላክ ከዘንገና ድረስ ተሳፍረው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አንድ ፎቶግራፍ አንስተው «ይቺ የኔ ናት» ቢሉ፣ ዋጋዬ «አንተ ደግሞ መቼ ፀጉር ነበረህ!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው። እኔም ሳቅሁ።

ከአርባዎቹ ባለቤቶች አሥራ ስድስቱ ሞተዋል። የእነሱን ማን ይለየዋል ብዬ ስፈራ፣ «ይሄ የሃያ ሰባት ቁጥር ማሽን ነው፤ የእመቤት ነው» ይባባላሉ። የማሽኑን ቁጥር እንደ ልጃቸው ስም ያውቁታል። ማንበብ የማይችሉት እንኳ ወረቀቱን በቀለሙ፣ በእጥፋቱ ለዩት። እነዚህን ሰዎች ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አላወቅኋቸውም ነበር። ልጄ ግን አውቋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ክሩን ከክምሩ እየመዘዘ ጥቅሉን አሰረ። የሞተውን ተረካቢው አሰረለት። ማንም ያዘዛቸው የለም፤ እንዲያው አንዱ ሲጀምር ሌላው ተከተለ። አሁን በየጥቅሉ ላይ ስም አለበት፤ እኔ ነኝ በዚህ ጽሕፈቴ የጻፍኩት።

ዮዲት መጥታ አርባውን ጥቅል አስጫነች። አርባ አንደኛውን፣ የእኛን፣ ገና አላለቀም ብዬ አልሰጠሁም። የኔ ምስክር ወረቀት፣ የሽመክት የመምህርነት መታወቂያ፣ ያቺም ግማሽ ገጽ አሉበት። «እስክትጨርሱ እንጠብቃለን፣ ቦታውን ባዶ አደርገዋለሁ» ብላኝ ሄደች። የጠየቀኝ ስለሌለም የኔን ታሪክ በየቀኑ አንድ አንድ ገጽ መጻፍ ጀምሬያለሁ።

ማሰሩን ግን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ጣቴ ነው መሰለኝ እሺ አላለኝም። ደግሞም የሞተውን የሚያስርለት ተረካቢው ነው፤ እናት የልጇ ተረካቢ መሆኗ ደንቡ አይደለም። የሱ ፈረቃ ከኔ በኋላ ነበር፤ ቀድሞኝ ወጣ። አሁን ተረካቢያችን አንቺ ነሽና አረንጓዴውን ክር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ፤ የዋጋዬ ልጅ ይኸነው ያደርስልሻል። ለፋሲካ ፈቃድ ከሰጡሽ ይዘሽው ነይ። ካልሰጡሽም ግድ የለም፣ ጥቅሉ ጠረጴዛው ላይ ይቆያል።

እጅሽን ከመርፌ፣ መንገድሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። ወልደሽ ስመሽ፣ ልጆችሽ አንቺን የሚቀብሩ ያድርግልሽ።

እናትሽ ስሜነሽ